ጫፉን አትንኩ

በልጅነቴ በጎንደር፣ ቁስቋም ላይ ጌሾ የሌለው ግቢ ብርቅ ነበር። የእኛዎቹ ሦስት እግር ጌሾዎች ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የእህል እጣቢ በሚደፋበት በኩል ነበሩ፤ በበጋም ሳይጠወልጉ የሚከርሙት ለዚያ ነው። ጥቅምት ገባ ሲል አያቴ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ አንዳንድ ሰፌድ ይሰጡንና «ቅጠል ልቀሙ» ይሉናል። እማሆይ ነበር የምንላቸው፤ በስማቸው የጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ትእዛዛቸው አጭር ነው፦ የጠናውን ልቀሙ፣ ጫፉን አትንኩ፣ ቅርንጫፉን ራቁቱን አታስቀሩ።

ወንድሜ ጨዋታ ይጠብቀው ስለነበር አንድ ቀን ቅርንጫፉን ከላይ ይዞ እስከ ታች ሸመጠጠው። ሰፌዱ በአፍታ ሞላ። እማሆይ ለጋው ከጠናው ተደባልቆ ሲያዩ አልጮኹም። «የዘንድሮው ይኸው፤ የከርሞውን ከየት ልታመጣው ነው?» አሉት። ከዚያ ቅጠሉን አንድ በአንድ ለይቶ እስኪጨርስ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። ጓደኞቹ ከአጥሩ ውጭ ሲያፏጩ ይሰማል፤ እሱ ለጋውን ወደ ግራ፣ የጠናውን ወደ ቀኝ ያደርጋል። በዓመቱ ያቺ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ዘግይታ ስታቆጠቁጥ እጄን ይዞ ወስዶ ያሳየኝ ራሱ ነው።

«ተፈጥሮን መንከባከብ» የሚባል ነገር በቤታችን ሲወራ ትዝ አይለኝም። ለእማሆይ ጉዳዩ የጠላ ጉዳይ ነበር። ለኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ጠላ ሳይጠምቁ መቅረት በሰፈሩ አይታሰብም፤ ስለዚህ ጌሾው በየዓመቱ መኖር አለበት፤ እንዲኖር ደግሞ ጫፉ መትረፍ አለበት። ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢ ጥበቃ ብዙ ገለጻ ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የገባኝ የለም።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሩቅ ነው። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ ያለ ተራራ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ተዳፋት ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው አደረጉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ሁለቱም ተጎዱ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠራ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ፍርስራሹ ነው የቀረው። እኛ ልጆች ድብብቆሽ የምንጫወተው በግብር ቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ነበር። ያን ሁሉ እንግዳ ያበላ አዳራሽ ጣሪያ የለውም፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጹት መስቀሎችና አራዊት ግን አሁንም ይታያሉ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመውም የማይጾመውም አለ። በእኛ ሰፈር ግን ጾሙ የሚያበቃበት የቁስቋም በዓል የራሳችን ስለሆነ የማይጾመው ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚበላው። ለልጅ ሆድ ያ ወቅት የችግር አልነበረም። መስኩ በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ሆኗል፤ የባቄላና የአተር እሸት ደርሷል፤ ጎመኑ ለምልሟል። የመጀመሪያው እሸት ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጥ እኛ ጋ አይደርስም፤ ከዚያ በኋላ በገል ላይ እየተጠበሰ እጃችን እስኪጠቁር እንበላለን። ወጡ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ኑግ። ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ቀፎ ሰቅለው ነበር። ለእንቁጣጣሽ አበባ ልንነቅል ስንሮጥ ከደጃቸው ሆነው ይጣሩና «ከዚህ ወዲህ ያለው የንቦቼ ነው፤ ከጨረሳችሁት በኅዳር ማር ብላችሁ እንዳትመጡ!» ይሉናል። እንታዘዛለን። ማሩ ሲቆረጥ ከነሰፈፉ በኮባ ቅጠል እንደሚሰጡን እናውቃለንና።

ጠላው ዘመድ አዝማድ የሚረባረብበት ሥራ ነበር። እናቴ ገብሱን አብቅላ ብቅል ታደርጋለች፤ አክስቴ ዳጉሳውን ታስፈጫለች፤ እማሆይ ጌሾውን አድርቀው ይወቅጣሉ። የልጆች ድርሻ ግራዋ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል በደንብ ካልታሸ ጠላው ይበላሻል፤ ስለዚህ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደን በክንዳችን ሙሉ እንሰብራለን። መራራነቱ እጅ ላይ ይቀራል፤ ረስቶ ጣቱን የላሰ ሌላውን ያስቃል። ታጥቦ የደረቀው ጋን በወይራ ጭስ ይታጠናል። ለዚያ የምትበቃው ወይራ ከክንድ አትበልጥም፤ እሷም ከገበያ ትገዛለች እንጂ ከደብሩ ቅጥር አትመጣም።

በቅጥሩ ውስጥ ጥዱም ወይራውም የእመቤታችን ነው። ነፋስ የጣለውን ጭራሮ እንኳ ማንሳት ለእኛ አልተፈቀደም። የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን እሳቱ አልነድ ሲል ከቅጥሩ ሥር የወደቀ እንጨት ይዞ መጣ። እማሆይ ከየት እንዳመጣው ጠየቁ፤ ነገራቸው። ወጡ እየተንተከተከ ሳለ ድስቱን አወረዱ፤ እንጨቱን አጠፉና በውሃ ነክረው ልጁን ካመጣበት እንዲመልሰው ላኩት። ግማሹ የከሰለ እንጨት ተሸክሞ በሰፈሩ መሀል አለፈ። ምሳችን ማታ ተበላ። ዛሬ በጎንደርና በጎጃም ደጋ ላይ በአውሮፕላን ለሚያልፍ ሰው አገር በቀል ዛፍ ተሰብስቦ የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ያን ደን ያተረፈው የቄሱ ግዝት ነው ይባላል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ግዝቱ ልጅ ጋ የሚደርሰው በምድጃ በኩል እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከማድ ቤቱ የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚሄድበት ነበረው። እጣቢው ለጌሾው፣ አተላው ለላሟ፣ አመዱ ለጎመኑ። እበቱ ላይ ብቻ እናቴና እማሆይ ይጣሉ ነበር። እናቴ ኩበት ጠፍጥፋ ማንደድ ትፈልጋለች፤ እማሆይ «የጎመኑን ምግብ ታቃጥያለሽ» ይላሉ። ክረምት ላይ የምታሸንፈው እናቴ ናት፤ እርጥብ እንጨት አይነድማ። በዚህ በእናቴ አልፈርድም፤ ዛሬም በየገጠሩ ያለች እናት ያንኑ ምርጫ ትመርጣለች፤ መሬቱም በዚያው ልክ ይከሳል።

ከጎመኑ መደብ አንዱ መስመር ፈጽሞ አይቀነጠስም። አብቦ፣ ዘር ይዞ፣ ደርቆ ይታጨዳል። ግማሹ ለከርሞ ዘር ነው፤ ግማሹ ተወቅጦ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማሰሻውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከቡሃቃው ሥር የቀረው ሊጥ ተሟጦ እንጎቻ ይጋገርልኛል፤ በትኩስነቱ በአዋዜ። ድፎ ዳቦ ሲሆን ደግሞ ወንድሜ ኮባ ይቆርጣል፤ የውጭውን፣ የሰፋውን ቅጠል ብቻ። ከመሀል የሚወጣው ጥቅልል አይነካም። ከማድ ቤት የሚሰጠን ትእዛዝ ሁሉ እንደዚህ ነበር፤ ምን እንደምናመጣ ብቻ ሳይሆን ምን እንደምንተው ጭምር።

ግራ የሚያጋባም ነበር። ጌሾ ላይ ጫፉን አትንኩ የተባልነው ልጆች ሳማ ላይ ጫፉን ብቻ ልቀሙ እንባላለን። የሳማ ጉልበቱ ከሥሩ ስለሆነ ጫፉ ቢቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የጠናው ቅጠል ደግሞ አይበላም። እጃችንን በጨርቅ ጠቅልለን ነው የምንለቅመው፤ ቢሆንም አንዱ መለብለቡ አይቀርም። ከፈላ ውሃ ሲገባ መለብለቡን ይተዋል። በፍልሰታ የሳማ ወጥ የሚወዱ ቤቶች አሉ፤ እኛ ቤት ግን ሳማ የክፉ ቀን ምግብ ነበር።

ክፉ ቀን በ1977 መጣ። ቁስቋም ላይ በረሃብ የሞተ ሰው አላየሁም፤ ከሰሜን በኩል በእግር የመጡ ሰዎች ግን በሰፈራችን አልፈዋል። እናቶች ተራ እየገቡ ንፍሮ ይቀቅሉ ነበር። እህሉ ሲያልቅ ሳማው ተጀመረ፤ የአጥሩ ሥር ጫፍ ጫፉ ተለቅሞ አለቀ። ከምድጃችን በላይ በጭሱ ላይ አንድ ቅል ተሰቅሎ ነበር፤ በውስጡ በአመድ የታሸ የባቄላ ዘር አለ። ከዕለታት አንድ ቀን ሕፃን ያዘለች ሴት ደጃችን ስትቆም እናቴ ቀና ብላ ቅሉን አየችው። እማሆይ የእናቴን ዓይን አዩ። ተነሥተው የራታቸውን እንጀራ ከነወጡ ለሴትዮዋ ሰጡ፤ በልታ እስክትጨርስም አጠገቧ ቁጭ አሉ። ከሄደች በኋላ እናቴን «ያን ከበላነው ከርሞ እኛም መንገድ እንወጣለን» አሏት። እሳቸው ጦማቸውን አደሩ። ዝናቡ ሲመለስ ያንን ባቄላ ለእኔና ለወንድሜ በእፍኝ እየቆጠሩ ሰጡን፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ አፋችን አልሄደችም። ያን ማንም አልከለከለንም፤ ከቅሉ ሥር ስንት ቀን ተርበን እንደተኛን እናውቅ ነበር።

አያቴ ስማቸውን ሰምተው የማያውቁት ሰው፣ ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ሥራ በአገር ደረጃ ይሠሩ ነበር። የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከሉን መርተዋል፤ ከድርቁ በኋላም የገበሬው ነባር ዘር ተመልሶ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲበቅል አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። ሳይንቲስቱ ደጋግመው የሚያነሡት ዘር ጠብቆ ያቆየው ገበሬው መሆኑን ነበር። እኔ በገበሬው ላይ እማሆይን እጨምራለሁ፤ ቅሉን የሰቀሉት እሳቸው ናቸውና።

ስለ ዋንዛ ሳልናገር አላልፍም፤ የልጅነቴ ጣፋጭ እሱ ነው። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ጣትም ከንፈርም አያስለቅቅም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ እዚሁ ቁስቋም በእቴጌይቱ ግቢ ተቀምጦ ነበር። በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በጎንደር በየቤቱ ሁለት ሦስት ዋንዛ መተከሉን፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲልም ዛፎቹ በአንድ ሌሊት አብበው ከተማዋ ነጭ ለብሳ እንደምታድር ይናገራል። ይህን ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለካ ያ ሁሉ ዋንዛ ነበረን! በእኔ ጊዜ በመንገዳችን ላይ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ከእነዚያም የወደቀውን ልቀሙ፣ ከታች የምትደርሱበትን ብሉ፣ የላይኛው የወፍ ነው ተብለናል። ወፏ በልታ የምትጥለው ፍሬ በየአጥሩ ሥር ሲበቅል ስላየን ለወፍ መተው ምጽዋት እንዳልሆነ ገብቶናል።

አንድ ክረምት ደባርቅ አካባቢ ካለች አክስታችን ዘንድ ከርሜያለሁ። እዚያ እህሉ ገብስ ነው፤ ብርዱም ሌላ ነው። የአክስቴ ልጆች ከጭላዳ ገብስ ይጠብቃሉ፤ ወንጭፍ ይዘው ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፤ ግን ድንጋዩን ከመንጋው ፊት እንጂ ከመንጋው ላይ አይጥሉትም። አክስቴ ለሻይና ለሽሮ ጦስኝ እንዳመጣላት ስትልከኝ ማጭድ ሰጠችኝ። ለአንድ እፍኝ ቅጠል ማጭድ ምን ይሠራል? በእጄ ልነቅለው እንደምችል ነገርኳት። «ሆድዬ፣ ሥሩን ከነቀልሽው አፈሩ ይከተለዋል» አለችኝ። ተዳፋቱን ወደ ታች ሳይ ገባኝ። የዚያው አካባቢ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነበር፤ አክስቴ ግን የምትጠነቀቀው ለሽሮዋ ነው።

አሁን እኅቴ ከልጆቿ ጋር እዚያው ግቢ ትኖራለች። ከሦስቱ ጌሾዎች አንዱ አለ። ጠላው ከጎረቤት ይገዛል፤ እንጀራው ከሱቅ ይመጣል፤ መብራት ሲኖር አልፎ አልፎ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ይህን ለነቀፋ አልናገርም። እኅቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ ትገባለች፤ በጭስ ዓይኗ እንዲፈርስ የምመኝላት አይደለሁም። የጠፋው ጭሱ ብቻ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። ልጆቹ ጎመን በፌስታል ተከትፎ ሲመጣ እንጂ ከመሬት ሲወጣ አያዩትም። ፌስታሉ ደግሞ ወደ ቀሃ ይወርዳል፤ ግራዋ ከምንሰብርበት ቦታ ላይ በየቁጥቋጦው ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ።

የእኅቴ ትንሹ ልጅ በትምህርት ቤት ስለ ደን መጨፍጨፍ ተፈትኖ ዐሥር ከዐሥር አምጥቷል። የአፈር መሸርሸርን መንስኤዎች በቃሉ ይዘረዝራል፤ በአረንጓዴ አሻራም ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ተክሏል። ምን እንደተከለ ስጠይቀው «ችግኝ» አለኝ። የምን ችግኝ? «እንጃ፣ ችግኝ ነው።» ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ሕዝብ ለተከላ መውጣቱ መልካም ነው፤ አልቃወምም። ግን ልጁ የተከለውን አያውቀውም፤ በልቶት፣ አሽትቶት፣ ለእናቱ ለቅሞላት አያውቅም። ይጽደቅ ይድረቅ ብሎ ተመልሶ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ለትምህርት ቤቶች ችግኝ የሚያድሉ ሰዎች ዋንዛና ጌሾ ቢጨምሩበት ምን ቸገራቸው እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ለዚያ ልጅና ለእኅቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ አንዳንድ መስመር ጎመን ሰጠኋቸው። እጣቢውን እነሱ ያጠጣሉ፤ አመዱን እነሱ ይበትናሉ። ቅጠሉ ከእጅ ሲሰፋ ቀንጥሰው ለእናታቸው ያስገባሉ፤ የቀነጠሰው ልጅ ሽንኩርቱን እያማሰለ ያበስላል። ልጅቷ ነገሩን ቶሎ ያዘችው። ልጁ ግን ጎመን አይወድም ነበር፤ የራሱን ጎመን ሲሆን ሳህኑን ጠረገው። አንድ ቀን ማለዳ የጎረቤት ፍየል አጥሩን ሾልካ ገብታ የእሱን መስመር አንድ እግር ሲቀር ከነልቡ ጨረሰችው። ስለ አገሩ ደን መመናመን ያለ አንዳች ስሜት ዐሥር ነጥብ ያገኘው ልጅ ለስድስት ሰባት እግር ጎመን ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ስመጣ አጥሩን በእሾህ ሲደፍን አገኘሁት። ማንም አላዘዘውም። ልቡ ሳይበላ ከተረፈው ከአንዱ እግር ጎመን ላይ ለእራት ልቀንጥስ ብላ እኅቱ ብትጠጋ «ጫፉን እንዳትነኪ!» ብሎ ጮኸባት። ይህን ከማን እንደሰማው አላውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም። እናቱ መሆን አለባት።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ልጅ ለሚበላው ነገር ያዝናል፤ ለማያውቀው ደን ፈተና ይፈተናል። ግቢ የሌለው ሰው በቆርቆሮ ውስጥ ጤናዳምና በሶብላ ሊያበቅል ይችላል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ያደረጉ አውቃለሁ። ጭሱንና ድካሙን ሳይመልሱ የልጁን ድርሻ ብቻ መመለስ ይቻላል፤ አንድ መስመር፣ አንድ ድስት፣ አንድ የሚተው ነገር።

ኅዳር 6 ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቁስቋም የምትወጡ ወላጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምሳውን በአገልግል ያዙት፤ ከውስጡ ካለው አንዱን ልጁ ራሱ የለቀመውና ያበሰለው ይሁን። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ እናንተ ግን አዋጁ በር እስኪያንኳኳ አትጠብቁ፣ ቤት ተዉት። ከበላችሁም በኋላ ከግብር ቤቱ ግድግዳ ሥር ምንም ትታችሁ አትውረዱ።